ባለ ፈቃድ ጭስ

ጎረቤቴ ሳሎኑ ውስጥ የእንጨት ምድጃ ካስተከለ ወዲህ ለንደን ስለ ሥልጣኔ ብዙ እያስተማረችኝ ነው። የጋዝ ማሞቂያው እንደ ወትሮው ይሠራል። ምድጃው ለብርድ አይደለም፤ ለመንፈስ ነው። ቀይ ወይኑን ይዞ እሳቱን ሲያይ መንፈሱ ይረጋጋል፤ ጭሱም ባክኖ እንዳይቀር በእኔ መኝታ ቤት መስኮት ይገባል። ቋንጣ ብሰቅል በሦስት ቀን ይደርቅልኛል።

ሕግ የለም እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1952 ጭስ የተቀላቀለበት ጉም ከተማዋን አምስት ቀን ጋርዶ ሺዎችን ከፈጀ በኋላ፣ በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ። ዛሬ አብዛኛው ለንደን ጭስ የሚገደብበት ቀጠና ነው፤ ጥፋተኛው ከ175 እስከ 300 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። ደግሞ ሕጉ አስተዋይ ነው! መንግሥት ያጸደቀው ምድጃ ካለህ፣ አንድድ። በከረጢት የሚሸጠው ፍልጥ እርጥበቱ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ተደንግጓል። ጓሮ ውስጥ የነደደ እሳትማ በጣሪያ ጭስ ማውጫ ስላላለፈ፣ በዚህ ሕግ ፊት ጭስም አይባልም።

ጎረቤቴ ሁለት መርፌ ያለው የእርጥበት መለኪያ ገዝቶ ፍልጡን እንደ ክትባት አንድ በአንድ ሲወጋ ሳይ አክስቴ ትዝ አለችኝ። ደብረ ብርሃን አጠገብ አርባ ዓመት ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል እየማገደች ጋግራለች። ድህነት ይመስላት ነበር፤ ለካ ቅንጦት ኖሯል! በአስቸኳይ አስመጥቼ የጭስ አማካሪ አደርጋታለሁ። መለኪያ አያሻትም፤ ፍልጥን በፍልጥ መታ አድርጋ በድምፁ ታውቃለች። ሥልጠናም እንከፍታለን። ለጀማሪዎች፣ አመድ ሳያቦንኑ እፍ ማለት። ቀጥሎ፣ ንፋሱ ሲዞር ፊትን ማዞር። ለከፍተኛ ሠልጣኞች፣ በነጠላ ጫፍ ዓይን እያበሱ ሊጥ ማዞር። ስሎ ያልጨረሰ አይመረቅም። ጥቀርሻ ከጣሪያው እስኪንጠለጠል አርባ ዓመት መጠበቅ ለማይችል ደንበኛ ደግሞ የበሰለ ጥቀርሻ ከአገር ቤት በአውሮፕላን እናስመጣለን፤ እንደ ወይኑ ዘመኑ ተጽፎበት፣ ከየትኛው ማድቤት እንደተገኘ ምስክር ወረቀት ተያይዞ።

ደውዬ አማከርኳት።

«መብራት የላቸውም እንዴ?»

«አላቸው።»

«ጋዝስ?»

«አላቸው።»

ዝም አለች። «ታዲያ ምን ሆነው ነው?»

እሷ የኤሌክትሪክ ምጣድ የገዛች ዕለት የድሮውን ማድቤት ለዶሮዎቹ ለቃለች። ስለ ቅንጦት ምን ታውቃለች!

ለካውንስሉም ደውዬ ነበር። ጭሱ የታየበትን ቀንና ሰዓት መዝግብ አሉኝ። ሰውየው የሚያነደው ማታ ነው፤ ማታ ደግሞ ይጨልማል። በአፍንጫዬ ያየሁትን የምሞላበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም።

ሰውዬ፣ ማሞቂያ አለህ። የልጄ የትምህርት ቤት ሹራብ ጭስ ጭስ ይሸታል። አጥፋው።

ባለፈው እሑድ ቡና ስቆላ በሬ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ነው፤ ግንባሩን ቋጥሮ አየሩን እያሸተተ።

«ይቅርታ፣ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ» አለኝ። «ደህና ናችሁ?»