ነገረ ራውተር ዘቡፌ

በአዲስ አበባ ከተማ ቤት ሠርቶ፣ ልጆች አሳድጎ፣ ሳሎኑን በሶፋና በቡፌ አስጊጦ የሚኖር ጨዋ ሰው ሁሉ፣ የቤቱ ዋይፋይ በደከመ ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚገባው መምህር ሳያሻው ያውቃል፤ ይኸውም መርካቶ ወርዶ፣ መርካቶ ቢርቀውም ከሰፈሩ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ጎራ ብሎ፣ ለበዓል በግ እንደሚመርጥ አባወራ ጀርባውን እየዳሰሰ፣ አንቴናውን እንደ ቀንድ እያየ፣ አዲስ ራውተር ገዝቶ መመለስ ነው። ይህን የመሰለ ልማድ በየመንደሩ ተስፋፍቶና ጸንቶ ሳለ በጽሑፍ ያወደሰው ሰው አለመገኘቱ ለጸሐፍት ሁሉ ነውር ሆኖ ስለ ታየኝ፣ ዕውቀቴ ኢምንት ቢሆንም ጉድለቱን በአቅሜ ልሞላ ብዕሬን አንሥቻለሁ።

ነገሬን ከመንበሩ ልጀምር። ራውተር በጥንተ ተፈጥሮው መልእክቱን በሞገድ አድርጎ በዙሪያው እንዲበትን የተሠራ ዕቃ ነውና፣ የሚስማማው ስፍራ ከቤቱ እምብርት ላይ ያለ፣ ከፍ ያለና ዙሪያው ገላጣ የሆነ መደርደሪያ ነው ይላሉ ባለሙያዎች። ባለሙያዎች ግን የሳሎንን ክብር ከየት ያውቁታል? እኛ ራውተሩን የምናኖረው ከቡፌው ውስጥ፣ ለሠርጋችን ከተሰጡንና እስከ ዛሬ ማንም አፉን ካላሳረፈባቸው ብርጭቆዎች መካከል፣ ከፊቱ ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን፣ ከኋላው የቡፌውን መስታወት አድርገን ነው። መስታወት በጀርባው ስስ የብረት ቅብ ስላለው ሞገዱን እንደ ፀሐይ ጨረር መልሶ ይገፋዋል፤ በዚህም ሥርዓት ዋይፋዩ ከደጅ ሳይወጣ እዚያው የሠርጉን ብርጭቆዎች ሲያገለግል ይውላል። በላዩም የቤቱ እመቤት የእጅ ሥራ የሆነ ነጭ ዳንቴል ይደረብለታል። እውነቱን ለመናገር ዳንቴሉ ሞገዱን ይህን ያህል አያግደውም፤ የሚያግደው የዕቃውን ትንፋሽ ነው፤ ራውተሩም ከዳንቴሉ ሥር በሙቀት ታፍኖ ራሱን በሳተ ቁጥር፣ "ይሄ ዕቃ ፎርጅድ ነው!" ብለን ባለ ሱቁን እንረግማለን።

ከዚህ የተነሣ የዋይፋይ ጸጋ በቤታችን ውስጥ እንደየማዕረጉ ይከፋፈላል። ከቡፌው ፊት ለፊት ባለው ሶፋ ላይ የተቀመጠው፣ እርሱም ዘወትር አባወራው ነው፣ በስልኩ ራስጌ ሙሉ ምልክት ያያል፤ መኝታ ቤት ያለው ግማሹን ያገኛል፤ ማድ ቤት ያለችው አንዲት ጭረት ታህል ይደርሳታል፤ ከጓሮው ሰርቪስ ቤት የተከራየው ተማሪ ግን፣ ቅዳሴ አርፍዶ ከደጀ ሰላም ውጭ እንደ ቆመ ምእመን፣ ዜማው ከሩቅ ይመጣለታል እንጂ ቃሉን አይለይም።

በመካከሉ ያለውንም እንቅፋት በገንዘባችን አሳምረን ሠርተነዋል። ግድግዳው ብሎኬት፣ ዓምዱ ፌሮ የተሞላ ኮንክሪት፣ የውስጡ በር እንኳ ብረት ነው፤ ይህም ሳይበቃ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በኮሪደሩ ግራና ቀኝ ቢጫ ጀሪካኖች እንደ ሰልፈኛ ቆመዋል፤ ውኃ ደግሞ ሞገድን አብዝቶ የሚጠጣ ፍጥረት ነው። ማይክሮዌቭ የገዛ ቤት ከዚህም የበለጠ ታድሏል፤ ያ ዕቃ ምግብ የሚያሞቀው 2.45 ጊጋ ኸርዝ ገደማ በሆነ ሞገድ ሲሆን፣ የዋይፋይ የቆየው መንገድ 2.4 ጊጋ ኸርዝ ነውና፣ የምሳ ወጥ በሞቀ ቁጥር የልጆቹ ትምህርት ይበርዳል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1894 እ.ኤ.አ.፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የስልክ መስመር መዘርጋት ሲጀመር መንገዱ 477 ኪሎ ሜትር ነበር፤ እኛ ግን ከሳሎን እስከ ማድ ቤት ያለውን 9 ሜትር መሻገር አቅቶን በማድ ቤቱ ደጃፍ ስልካችንን ወደ ሰማይ አንጋጠን "ኔትወርክ የለም" እንላለን።

አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ስሙን ብጠራ የሚያውቁት ሁሉ ስለሚስቁበት ልተወው። ይህ ወዳጄ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ራውተር ሾሟል። የመጀመሪያው ከመስመሩ ጋር የመጣ፣ አንቴናው ከውጭ የማይታይ ትሑት ዕቃ ነበር፤ ሁለተኛው ባለ አራት አንቴና ነበር፤ ሦስተኛው ባለ ስድስት ሆኖ፣ ሲያዩት በጀርባው የተንጋለለ ሸረሪት ይመስላል። ሦስቱም በየተራ የተሾሙት በዚያው ቡፌ፣ በዚያው ዳንቴል ሥር ነው፤ ሁለቱም በየተራ የተሻሩት በአንድ ክስ ነው፤ ሦስተኛውም ክሱ ተነቦለታል። በአገራችን መንበሩ ሳይመረመር ተቀማጩ ሲሻር ይህ የመጀመሪያው አይደለምና ብዙ አልተደነቅሁም። በሁለተኛው ዘመን የእኅቱ ልጅ "ሪሴት ላድርገው" ብሎ ከዕቃው ጀርባ ባለችው ቀዳዳ መርፌ ሰደደባት፤ ነቅሎ መሰካት ሌላ፣ ሪሴት ሌላ መሆኑን ማንም አልነገረውም ነበርና፣ መስመሩ የሚከፈትበት መጠሪያና የምስጢር ቃል ከዕቃው ልቡና ጨርሶ ተፋቀ፤ የተጻፈበት ወረቀት ተፈልጎ እስኪገኝ ድረስም ቤተሰቡ ስምንት ቀን ሙሉ ሱባኤ ገባ። ወረቀቱ የተገኘው ከቡፌው መሳቢያ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ምሽት ቡና ተጠርቼ ብሄድ፣ ሦስተኛው ራውተር ስለ ስንፍናው ሲወገዝ ደረስሁ። የወዳጄ ትንሽ ልጅ ደብተሯንና ስልኳን ይዛ ከሳሎኑ ምንጣፍ ላይ በደረቷ ተኝታ ትጽፋለች፤ የማጥኛ ጠረጴዛዋ ያለበት ክፍል ጨለማ ነው። ምነው ብላት "እዚያ አይዝም" አለችኝ፣ ቀና ሳትል። በዚያው ሰዓት የሰርቪሱ ተማሪ የቤት ኪራይ ሊከፍል ገብቶ ኖሮ፣ ነገሩን ቆሞ ከሰማ በኋላ "ጋሼ፣ ከፈቀዱልኝ አንዴ በኬብል ልሞክረው?" ብሎ ላፕቶፑን አመጣ። ዳንቴሉን በሁለት ጣቱ አንሥቶ፣ አንዲት አጭር ገመድ ከራውተሩ ወደ ላፕቶፑ ሰክቶ ለካ፤ ቤቱ የሚከፍለው ለ10 ሜጋ ቢት በሰከንድ ነው፤ በገመዱ 9.6 ደረሰ። ገመዱን ነቅሎ፣ ላፕቶፑን ታቅፎ፣ ጀሪካኖቹን ተሻግሮ መኝታ ቤት ገብቶ በዋይፋይ ቢለካ 1.1 ሆነ። ተመለሰና ራውተሩን ከብርጭቆዎቹ መካከል አውጥቶ፣ የመስመሩ ሽቦ እስከ ደረሰለት ድረስ ስቦ፣ ከኮሪደሩ ቁም ሣጥን አናት ላይ አኖረው፤ ከመኝታ ቤቱም እንደ ገና ሲለካ 8 ሆነ።

"መስመሩም ደኅና ነው ጋሼ፣ ዕቃውም ደኅና ነው" አለ በትሕትና፤ "ቦታው ነው እንጂ።"

ወዳጄ ዝም ብሎ ቁም ሣጥኑን ሲመለከት ቆየና፣ "ልጄ፣ ይህን ያህል ብር የወጣበት ዕቃ እንደ ጉሊት ሽንኩርት ኮሪደር ላይ ይሰጣ? እንግዳ ቢመጣ ምን ይለናል?" አለው። የቤቱ እመቤትም ዳንቴሉ ለቁም ሣጥኑ አናት እንደማይበቃ በስንዝሯ ለክታ ስለ ተናገረች ፍርዱ ተቆረጠ፤ ራውተሩ ወደ መንበሩ ተመለሰ፤ ቡናውም ፈላ።

እኔም በልቤ ለወዳጄ ፈረድሁ። በገመድ መለካት ምን ክብር አለው? አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ሳንቲም አያስወጣም፤ በለቅሶ ቤትም ሆነ በዕቁብ ማኅበር "ራውተሬን ከቡፌ አወረድሁት" ብሎ የሚመካ ሰው አይገኝም፤ "ባለ ስድስት አንቴና አስገባሁ" ማለት ግን ራሱን የቻለ ሹመት ነው። ደግሞስ የገመዱ ልክ ከሚከፈልበት በጣም ዝቅ ያለ ሆኖ ቢገኝ፣ ጥፋቱ ከራውተሩ በላይ፣ ከምሰሶው በሚወርደው ሽቦ ወይም ከዚያ ወዲያ ባለው መስመር ሊሆን ይችላልና፣ ስልክ ደውሎ አቤት ማለት፣ ተራ መጠበቅ፣ ቀጠሮ መቀበል ሊመጣ ነው፤ ከዚህ ሁሉ መርካቶ ይቀርባል። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣለት ሰው ሮቶውን ከ1000 ሊትር ወደ 5000 ሊትር ቢለውጥ ቧንቧው እንደማይወፍርለት የሚያውቀው ያው ወዳጄ፣ ለ10 ሜጋ ቢት መስመር በካርቶኑ ላይ 1200 የሚል ራውተር ገዝቶ ሲገባ ደረቱ ይነፋል። ያ 1200 ራሱ ምሥጢር አለው፤ 300ው ከ2.4 ጊጋ ኸርዝ፣ 867ቱ ከ5 ጊጋ ኸርዝ ተወስዶ፣ ተደምሮ፣ ለዓይን እንዲያምር ከፍ ተደርጎ የተጻፈ ነው፤ የተለመደው ስልካችን ግን በአንድ ጊዜ በአንደኛው እንጂ በሁለቱ አይጓዝም። ባለ 5 ጊጋ ኸርዙም ቢሆን ፈጣን ነው እንጂ ግድግዳ ሲበዛበት ከታላቅ ወንድሙ ከ2.4 ቀድሞ ይደክማል።

ስለ አንቴናም የሕዝባችን ትርጓሜ ከሊቃውንቱ ይጠልቃል። ዋይፋይ መኝታ ቤት አልደርስ ሲል፣ አንቴናውን እንደ ጦር አዘንብለን ጫፉን ወደ መኝታ ቤቱ እናነጣጥራለን። ሞገድ ግን ከአንቴናው ወገብ በዙሪያው እንደ ቀለበት ይወጣል እንጂ ከጫፉ አይተኮስም፤ ስለዚህ ያነጣጠርነው ደካማውን ወገኑን ነው። ጉልበቱም ቢሆን በሕግ የተወሰነ ነው፤ በአውሮፓ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ከ100 ሚሊዋት በላይ ማስተላለፍ አይፈቀድም፤ ራውተሩ የቱንም ያህል ቢጮኽ ደግሞ በኪሳችን ያለችው ስልክ በደካማ ድምፅዋ መልሳ ካልተሰማች ጭውውት አይሆንም። በኮንዶሚኒየም ደግሞ አንዱ ፎቅ ላይ ያለው ራውተር ሁሉ በአንድ ቻናል ሲንጫጫ፣ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሳይጋጩ ሊሄዱ የሚችሉት 1፣ 6 እና 11 መሆናቸውን አውቆ መቀየር ሲቻል፣ ጎረቤትን በአንቴና ብዛት ማሸነፍ የበለጠ ኩራት ነው። ዋይፋይ ለሚለው ስም አንድምታ ለምትፈልጉም፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ስም አውጪ ኩባንያ ተቀጥሮ ለጆሮ እንዲጥም ያወጣው ቃል ነውና የተሸሸገ ፍቺ የለውም፤ በከንቱ አትድከሙ።

ራውተር ፈጽሞ አይለወጥ የሚሉ ከተገኙ ግን እኔ ከእነርሱ ወገን አይደለሁም። በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣው የዋይፋይ መስፈርት የሚሠራ ሽማግሌ ዕቃ፣ 5 ጊጋ ኸርዝን የማያውቅ፣ ሠሪው የደኅንነት ማሻሻያ መላክ ያቆመበት፣ ወይም ገላጣ ቦታ ተቀምጦ ሳይሞቅ ራሱን እያጠፋ የሚነሣ ከሆነ፣ ጡረታ ይገባዋል። ይህን ለማወቅ ግን አስቀድሞ ከቡፌው አውጥቶ፣ በገመድ ለክቶ፣ ቦታውን ለውጦ እንደ ገና መለካት ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለውን ሰው ደግሞ በሰፈሬ ከአንድ በቀር አላየሁም፤ እርሱም ተከራይ ነው።

የዚያን ዕለት ማታ ተማሪው ከመሄዱ በፊት የተሻረውን የመጀመሪያውን ራውተር ከቡፌው ሥር አየና "ጋሼ፣ የማይፈልጉት ከሆነ" ብሎ ለመነ። ወዳጄም "ውሰደው፤ የተበላሸ ነው" አለው። ልጁ 25 ሜትር ገመድ ገዝቶ፣ ከቡፌው ጀርባ በመስኮቱ አሾልኮ፣ በግንቡ ጥግ እስከ ክፍሉ ዘረጋውና አሮጌውን ራውተር ከመስኮቱ ደፍ ላይ ያለ ዳንቴል አስቀመጠው። የወዳጄ ልጅ አሁን የቤት ሥራዋን የምትሠራው ከሰርቪሱ ደጃፍ፣ በርጩማ ላይ ሆና ነው፤ ማታ ማታ ደግሞ አባቷ ጋቢውን ተከናንቦ ከአጠገቧ ይቀመጥና በስልኩ ዜና ያያል። ባለ ስምንት አንቴና ስንት እንደሚሸጥ የጠየቀኝም እዚያው ተቀምጦ ነው።