ይሉኝታ፣ ያልቀየርነው የሚስጥር ቁጥር

የሚስጥር ቁጥራችሁን በየጊዜው ቀይሩ እንባላለን። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ሰምተን የራሳችንን የልደት ዓመት አውጥተን የልጃችንን አስገብተናል። ማንም ቀይሩት ያላለን ግን ሌላ የሚስጥር ቁጥር አለ። ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው፣ አገር በሙሉ በጋራ የሚጠቀምበት ነው፤ ስሙም ይሉኝታ ይባላል። በስልክና በቴሌግራም የሚያጭበረብረን ሰው ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተር ሰብሮ የሚገባ ሊቅ አይደለም። ያለው ዕቃ አንድ ስልክ፣ ጥቂት ሲም ካርድና ስለ ጨዋነታችን ያካበተው ጥልቅ ዕውቀት ነው። በሩን አይሰብርም፤ ያንኳኳል። እኛው ብድግ ብለን «ኖር! ግቡ እንጂ!» እያልን እናስገባዋለን።

«በስህተት ብር ላክሁብዎት» የሚባለውን ጨዋታ ቀረብ ብለን እንየው። መጀመሪያ 4,000 ብር ወደ ሂሳብዎ ገብቷል የሚል አጭር መልእክት ይመጣል። ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ ይጮኻል። «እናቴ፣ በፈጠረሽ! ለልጄ መድኃኒት መግዣ የላክሁት በአንድ ቁጥር ስቼ ላንቺ ገባ፤ ፋርማሲው ሊዘጋ ነው!» እዚህ ላይ ስግብግብ ሰው ምን ያደርጋል? ብሩን የዋጠ መስሎት ስልኩን ይዘጋል፤ በስግብግብነቱ ይድናል። የሚጠመደው የሰው ሐቅ የሚፈራው ነው። ፈጥኖ 4,000 ብር «ይመልሳል»፤ የመለሰው ግን የገዛ ራሱን ብር ነው፤ መልእክቱን የጻፈው ደዋዩ ነውና አንዲት ሳንቲም አልገባለትም። የቴሌብር መልእክት ቢሆን ላኪው 127 እንጂ በ09 የሚጀምር የግለሰብ ቁጥር ባልሆነ ነበር። ቀሪ ሂሳብን ከፍቶ ማየትም ደቂቃ አይፈጅም፤ ብሩ በእውነት በስህተት ገብቶ ቢገኝ እንኳ ጉዳዩን በባንኩ በኩል መጨረስ ይቻላል። ታዲያ ያቺን አንድ ደቂቃ ማን ከለከለን? የሚያለቅስ ሰው መስመር ላይ አቁሞ ሂሳብ መፈተሽ ነውር መስሎን ነው።

«ተወው እባክህ፣ የሚበላው ስግብግብ ብቻ ነው፤ የእጁን አገኘ» የሚሉ አሉ። ስግብግብነት የለበትም ብዬ አልከራከርም። እ.ኤ.አ. በ1920 ቻርልስ ፖንዚ የተባለ ሰው አሜሪካ ቦስተን ውስጥ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ ብሎ የሰው ገንዘብ ሰብስቧል። ትርፍ የሚለው፣ ኋላ የመጡት ያስገቡትን ለቀደሙት ማከፋፈል ነበር። ግን ወረፋውን ማን አስረዘመው? የተከፈለው ሰው ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱ ለዘመዱ እያወራ ነው፤ ገንዘባቸውን ካስቀመጡት ብዙዎቹ እንደ ፖንዚ ከጣሊያን የፈለሱ ነበሩ። ዛሬም «ሦስት ሰው አምጡ፣ ገንዘባችሁ እጥፍ ይሆናል» የሚለውን ግብዣ ይዞልን የሚመጣው የማናውቀው ሰው ሳይሆን የአክስታችን ልጅ ነው። ስለ ትርፉ እንጠራጠራለን፤ የአክስትን ልጅ እምቢ ማለት ግን በሚቀጥለው ሰርግ ላይ ፊት ያስነሳል። ስለዚህ እንከፍላለን። ይህ ስግብግብነት ከሆነ፣ ግማሹ የቤተሰብ መዋጮ ነው።

ሁለተኛው ተከራካሪ የተማረው ነው። «እንዲህ ያለ ቂል መልእክት ማንን ያታልላል? ሚሊዮን ዶላር ሊያካፍለኝ የሚለምን የናይጄሪያ ልዑል!» ብሎ ይስቃል። በማይክሮሶፍት የምርምር ክፍል የሚሠራው ኮርማክ ኸርሊ እ.ኤ.አ. በ2012 ለዚህ የሰጠው ማብራሪያ ሳቁን ያቆማል። ቂልነቱ ወንፊት ነው። የሚጠረጥረው ሰው ገና ከበሩ ስቆ ቢመለስ አጭበርባሪው ጊዜው አይባክንም፤ ወንፊቱ ላይ ከቀረው ጋር ብቻ ይሠራል። የተማረው ሰው የሚቀርበት ወንፊት ደግሞ ሌላ ነው። ከጓደኛው የቴሌግራም አድራሻ «ወንድሜ አጣዳፊ ነገር ገጠመኝ፣ 5,000 ብር ላክልኝ፣ ማታ እመልሳለሁ» የሚል ይደርሰዋል። አድራሻው የተሰረቀ ነው፤ የተሰረቀውም ጓደኛው በስልኩ የመጣለትን የመግቢያ ቁጥር ለሌላ «ጓደኛ» አሳልፎ በመስጠቱ ነው። ደውሎ «አንተ ነህ?» ቢል ያልቃል። ግን መደወል «አላመንኩህም» ማለት ይመስለዋልና በልዑሉ የሳቀው ሊቅ ድምፅ ሳያሰማ ይልካል።

ከሁሉም የሚከብደው ክርክር ግን ይሄ ነው፦ «ሁሉን እየጠረጠርን ከኖርን መተማመናችን፣ መረዳዳታችን ምን ሊሆን ነው?» እንዲህ የሚል ሰው የአባቶቹን መተማመን ያወቀው አይመስለኝም። በዕቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው፣ ለሃያ ዓመት ቡና አብሮ የጠጣ ቢሆን እንኳ፣ ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይወስድም። ዳኛው ዋስ ሲጠይቀው «ሌባ አልከኝ» ብሎ የተቀየመ የለም። አበዳሪም ሲያበድር እማኝ ያስቀምጥ ነበር። «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» ብሎ የተረተውም ይኸው ቡናውን አብሮ የሚጠጣው፣ ዕድሩን አብሮ የሚያቆመው ሕዝብ ነው። ይሉኝታን በዋስና በእማኝ አጥሮ ኖረ፤ እኛ አጥሩን አፍርሰን ይሉኝታውን ብቻ ስልካችን ውስጥ ይዘነው ገባን። አጭበርባሪው ሁልጊዜ ሁለት ነገር የሚለው ለዚህ ነው፦ «አሁኑኑ» እና «ለማንም እንዳትናገር»። የመጀመሪያው ዋስ መጥሪያ ጊዜ ያሳጣል፤ ሁለተኛው እማኙን ያባርራል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ብር ወይም ቁጥር የሚጠይቅ ድምፅ ሲያጣድፍህ ስልኩን ዝጋው፤ ቀጥለህ አስቀድመህ በምታውቀው ቁጥር ራስህ ደውል፣ አጠገብህ ላለ ሰውም ንገር። የሚስጥር ቁጥርህን ግን ለማንም አትንገር፤ ባንክህ አይጠይቅህም፣ ስልክ ስለዘጋህበትም አይቀየምም። እውነተኛ ወዳጅ ከሆነ ደግሞ መልሰህ ስትደውልለት ያነሳል።