እሜቴ ካላቴያ እንዳይከፋቸው

እሜቴ ካላቴያ ዛሬ እንዴት አደሩ? ቅጠላቸው ዳር ዳሩን ጠይሞ ስለታየ ቤቱ በሙሉ ተሸብሯል። የእርጥበት መለኪያው 38 በመቶ ያሳያል። እሜቴ ከ50 በታች ሲሆን ይከፋቸዋል፤ 60 ከሞላላቸው ግን ደስታቸው ነው። ምን ይደረግ፣ ትውልዳቸው ደቡብ አሜሪካ፣ ዝናም በማይለየው ደን ውስጥ፣ ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ያንን ሁሉ ንቀው ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ የኅዳር ነፋስ ከንፈር በሚሰነጣጥቅባት አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሊኖሩ መፍቀዳቸው ትሕትናቸውን ያሳያል።

ጠዋት ጠዋት፣ ልጆቹ ፊታቸውን ሳይታጠቡ፣ እሜቴ ይታጠባሉ። ፊሽ፣ ፊሽ፣ ፊሽ። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ፈረቃው ሲዘል ጀሪካን እየተሸከሙ አራት ፎቅ መውጣት አለ። ለእሜቴ ግን ይህ ውሃ አይሆንም። የቧንቧ ውሃ ጨውና ክሎሪን ቅጠል ያቃጥላል ስለተባለ የሚረጩት በታሸገ ውሃ ነው። ለእንግዳ የጀሪካኑ፣ ለእሜቴ የታሸገው። መቼም የእንግዳ ቅጠል አይጠይምም።

መርጨቱ ምን ይጠቅማል ብሎ የሚጠይቅ ምቀኛ አይጠፋም። ለእሱ ሒሳቡ ይኸው፦ በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊሸከም የሚችለው ውሃ 17 ግራም ገደማ ነው። አርባ ሜትር ኩብ የምትሆን ሳሎን ከ38 ወደ 60 በመቶ ለማድረስ 150 ግራም ያህል ይበቃል፤ አንድ ብርጭቆ እንኳ አይሞላም። ታዲያ ምን ቸገረ? የቸገረው አየር መቀመጫ የሌለው መሆኑ ነው። እርጥቡ በበሩ ሥር ሹልክ ይላል፣ ደረቁ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። የመርጫዋ ጠብታ ቡናው ሳይፈላ ተንና አልቃለች። ቅጠሉ ላይ ያደረችው ደግሞ ፈንገስን ትጋብዛለች። እንግዲህ ከጠዋቱ ሥርዓት ፈንገስ ተጠቅሟል፤ የባለቤቲቱም የእጅ ጡንቻ።

ጠጠር ተነጥፎበት ውሃ የተሞላው ትሪም አለ። እሱ ለትንኝ ነው።

ከዚያ ከዱባይ በሻንጣ የመጣችው ማሽን ተራዋ ደረሰ። ጭጋግ ትተፋለች፣ ሰማያዊ መብራት ታበራለች፣ እንደ ድመት ታንኮራፋለች። የታሸገው ውሃ ለማሽን አላዋጣም፤ ስለዚህ የጀሪካኑ ተጨመረባት። ጭጋጉ ሲተን በውሃው የነበረው ማዕድን ግን አብሮ አይተንም፤ ነጭ ዱቄት ሆኖ ቴሌቪዥኑ፣ ቡፌው፣ የሠርጉ ፎቶ ላይ ያርፋል። የቤት ሠራተኛዋ ጧት ጠርጋ ማታ ትደግማለች። ደመወዟ ላይ ግን ዱቄቱ አልታሰበም።

የቡና ሥርዓቱም ወደ በረንዳ ተሰደደ፤ የዕጣኑ ጭስ እሜቴን ያፍናቸዋል ተብሎ። ከገጠር የመጡት እናት ይህን ሁሉ ታዝበው፣ «ልጄ፣ እርጥበት ከፈለገችማ ለምን ማድ ቤት አታስገቢያትም? ምጣዱ ሲነሳ፣ ሽሮው ሲንተከተክ እዚያ እንፋሎት መች ጠፍቶ» አሉ።

«እማዬ ደግሞ! እሷ እኮ የሳሎን ናት።»

ትክክል ነው። ተክሉ ለእርጥበት ሳይሆን ለእንግዳ የተገዛ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ማድ ቤት አይገባም።

እርጥበት ያለ ማሽንም ይያዛል፤ እ.ኤ.አ. በ1829 ሎንዶን ውስጥ ናትናኤል ዋርድ የተባለ ሐኪም የእሳት ራት ሙሽሬ ሊያስፈለፍል እርጥብ አፈር ጠርሙስ ውስጥ ጨምሮ ከደነው። ከአፈሩ ፈርን በቀለ። የወጣው እንፋሎት መስታወቱ ላይ ጤዛ ሆኖ መልሶ አፈሩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ኋላ በዚሁ ዘዴ ተክሎች በመስታወት ሣጥን ተከድነው እ.ኤ.አ. በ1833 ተነሥተው ወራት በሚፈጅ የባሕር ጉዞ ሲድኒ በሕይወት ደረሱ። ያለ መብራት፣ ያለ ዱባይ። ምስኪን ሰውዬ፣ ሰማያዊ መብራት እንደሚያስፈልግ አልነገሩትም።

ሐምሌ ሲገባ ግድግዳው ያልባል፣ የታጠበ ልብስ በሦስት ቀንም አይደርቅ፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ሻጋታ ካርታ ይሥላል። ማሽኗ ግን ሥራ ላይ ናት፤ የተገዛችው እኮ ልታርፍ አይደለም።

የሳሎን ተክል ከተባለ፣ አውሮፓ ውስጥ ቡና ራሱ በማሰሮ ተተክሎ የሳሎን ጌጥ ነው። የእንግሊዝ አትክልተኛ የእኛን እንሰት ለቅጠሉ ውበት ገዝቶ ውርጭ ሲመጣ እንደ አራስ ይሸፋፍነዋል። እኛ ቤት እነዚህ ሁለቱ ለጌጥ ቢታሰቡ ውርደት ነው፤ ጓሮ የለመደ ሳሎን ምን ያውቃል?

ባለፈው ሰሞን እሜቴ ካላቴያ አረፉ። ማሰሮው ሲገለበጥ ሥራቸው ከውሃ ብዛት በስብሶ ይሸት ነበር፤ ለካ ቅጠላቸው በጠየመ ቁጥር «ደረቁ» እየተባለ ከሥር ሲሞላላቸው ኖሯል። ውሃ የጠጣ ሥር ሲታፈንም ቅጠል ልክ እንደ ድርቀቱ ዳር ዳሩን ይጠይማል። ቤተሰቡ ግን ተመካክሮ ገዳዩን አግኝቷል፤ አየሩ ነው። አዲሷ እሜቴ ሳይመጡ ሁለተኛ ማሽን ይገዛል ተብሏል፤ ከእሱም በፊት ጄኔሬተር፤ ምክንያቱም ውሃ በመጣ ቀን መብራት ይሄዳል።