ሚኒስትር ሳያስቀይሙ የመጠየቅ ጥበብ

እንኳን ደስ ያለዎት፣ ተመርጠዋል! ከእንግዲህ ስምዎ ሲጠራ «የተከበሩ» ይቀድመዋል። አራት ኪሎ፣ ባለ ሰዓት ማማው ሕንፃ በሚገኝበት ግቢ፣ ወንበር ይጠብቅዎታል፤ ከወንበሩ ፊት ደግሞ ማይክራፎን። ወንበሩን ቶሎ ይለምዱታል። የሚያስቸግረው ማይክራፎኑ ነው። አንድ ቀን አንድ ሚኒስትር ሪፖርታቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ አንብበው ይጨርሳሉ፣ አፈ ጉባኤውም ጥያቄ ያላችሁ አባላት እጃችሁን አውጡ ይላሉ። የመረጠዎት ሕዝብ በቴሌቪዥን እያየ ስለሆነ ጨርሶ ዝም ማለት አያዋጣም። መጠየቅ ሊኖርብዎት ነው። አይደንግጡ፤ ማንም ሳይጎዳ የሚጠየቅበት መንገድ አለ።

ከሁሉ በፊት ሕገ መንግሥቱን ከልብዎ እንዳያነቡ አደራ። ብዙ ጀማሪ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ፣ የአስፈጻሚውንም አሠራር የመመርመር ሥልጣን አለው ይላል። አንቀጽ 76 የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚወስነው ሁሉ ለእናንተ ተጠሪ ነው ሲል ያክልበታል። አንቀጽ 54 ጭራሽ ይባስ ብሎ እርስዎን ለሦስት ነገሮች ብቻ ተገዥ ያደርግዎታል፦ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናዎ። ፓርቲ የሚባል ነገር እዚያ ውስጥ ፈልገው አያገኙም። ግድ የለም፤ ፓርቲዎን የሚያስታውስዎት የመንግሥት ዋና ተጠሪ አለ፣ ማዕረጉም ሚኒስትር ነው። የጠያቂዎቹን ሰልፍ የሚያሳምረው ሰው የተጠያቂዎቹን ማዕረግ መልበሱ ነገሩን ሁሉ ቤተሰባዊ ያደርገዋል።

እጅዎን አውጥተው ዕድሉ ሲሰጥዎት በምስጋና ይጀምሩ። አፈ ጉባኤውን ስለ ዕድሉ፣ ክቡር ሚኒስትሩን ስለ ሰፊውና ዝርዝሩ ሪፖርት፣ የመሥሪያ ቤቱን አመራሮች ደግሞ ስለ ትጋታቸው ያመስግኑ። ከዚያ በጥንካሬ የታዩትን ይቁጠሩ። ክፍተት ወደሚባለው ሲደርሱ የተሰጠዎት ደቂቃ ሊያልቅ ምንም አይቀረው፤ ይህ የአሠራሩ ትልቁ በረከት ነው።

አሁን ወደ ሙያው እንግባ። ወደ ወረዳዎ የሚወስደው የአስፋልት መንገድ ተጀምሮ ቆሟል እንበል። ያልሠለጠነ ተወካይ እንዲህ ብሎ ይጠይቃል፦ «የዚህ መንገድ የውል ጊዜ የሚያበቃው መቼ ነበር? ለተቋራጩ እስከ ዛሬ ስንት ብር ተከፈለው? የተከፈለውና የተሠራው ይመጣጠናል? የመዘግየት ቅጣት ተቆርጦበታል ወይስ አልተቆረጠበትም?» ነውሩን ያዩታል? የመጀመሪያው በቀን፣ ሁለተኛው በቁጥር፣ የቀሩት በአዎ ወይም በአይደለም ካልሆነ አይመለሱም። ሰው እንዲህ መፈናፈኛ አይነሣም።

የሠለጠነው ተወካይ ያንኑ መንገድ እንዲህ ያነሣዋል፦ «ከመንገድ መሠረተ ልማት ተደራሽነት ጋር ተያይዞ ከኅብረተሰቡ በስፋት የሚነሱ የመልካም አስተዳደር ጥያቄዎች አሉ። እነዚህን ከባለድርሻ አካላት ጋር ተቀናጅቶ ከመፍታት አኳያ እንደ ተቋም ምን እየተሠራ ነው? ቢብራራልን።» እስቲ ደግመው ያንብቡት። ተቋራጭ የለበትም፣ ብር የለበትም፣ ቀን የለበትም፤ መንገዱ እንኳ በስም አልተጠራም። ምን እየተሠራ ነው የተባለ ሰው ደግሞ መልስ አያጣም። ምንጊዜም የሆነ ነገር እየተሠራ ነው።

መልሱ «ጥያቄው ተገቢ ነው» ብሎ ይጀምራል። ይህን ሲሰሙ ወንበርዎ ላይ ደገፍ ይበሉ፣ አደጋው አልፏል። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን በቃልዎ ያውቁታል፦ የወሰን ማስከበር ችግር፣ የካሳ ክፍያ፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረት፣ የግብዓት ዋጋ ንረት፣ የተቋራጮች የአቅም ውስንነት፣ የጸጥታው ሁኔታ፤ ሆኖም በቀጣዩ በጀት ዓመት ትኩረት ተሰጥቶት ይሠራል። ሚኒስትሩን ማማት እንዳይመስልብኝ እንጂ ምክንያቶቹ ሐሰት አይደሉም። ካሳ ያልተከፈለበት አንድ ቤት መንገድ ሲያስቆም ያየ ያውቀዋል፤ ዶላር ሲጠፋ ሬንጅም መለዋወጫም ይጠፋል። ጉዳቱ ምክንያቶቹ በአገሪቱ ላለ መንገድ ሁሉ እኩል መሥራታቸው ነው። የእርስዎን መንገድ የያዘው ከነዚህ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሁለተኛ ጥያቄ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ ጥያቄ ደግሞ የለም። የምክር ቤቱ አሠራር ለዚህ ተመችቶ የተበጀ ነው። በተለይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚገኙበትን ቀን ልብ ብለው ያስተውሉ። አባላት ተራ በተራ ይጠይቃሉ፦ አንዱ ስለ ኑሮ ውድነት፣ አንዱ ስለ ሰላም፣ አንዱ ስለ ማዳበሪያ፣ አንዱ ስለ ውጭ ግንኙነት፣ አንዱ ስለ ቱሪዝም። መልስ እስኪጀመር ሁሉም ተጠይቆ ያልቃል። ያ ሁሉ እንደ በያይነቱ በአንድ ትሪ ይቀርብላቸዋል፤ እሳቸውም ከወደዱት በኩል ይጀምራሉ። መልሱ ሰዓታት ስለሚወስድ የማዳበሪያው ጥያቄ ከጫፉ ተነክቶ ቢታለፍ፣ ጠያቂው ራሱ የጠየቀውን ትዝ አይለውም። ቢለውም ተራው አልፏል።

እንግሊዞች በዚህ በኩል ገና ናቸው። ጠቅላይ ሚኒስትራቸው ምክር ቤቱ ሥራ ላይ በሆነበት ሳምንት ሁሉ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ይቆማሉ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል። እ.ኤ.አ. በ1961 ሲደነገግ በሳምንት ሁለቴ ሩብ ሩብ ሰዓት ነበር፤ ቶኒ ብሌር እ.ኤ.አ. በ1997 ሁለቱን ወደ አንድ አመጡት። የዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ መሪ ስድስት ጥያቄ አለው፤ ስድስቱን ባንድ ጊዜ አያወርድም፣ አንዱን ይጠይቃል፣ መልሱን ይሰማል፣ በመልሱ ላይ ቀጣዩን ይሠራል። በጣም የሚገርመው የመክፈቻው ጥያቄ ነው፦ ክቡርነትዎ የዛሬ ፕሮግራምዎ ምንድን ነው? ባዶ ጥያቄ ነው። መልሱም ባዶ ነው፣ ከሚኒስትሮቼና ከሌሎች ጋር ስብሰባ ነበረኝ ይሏቸዋል። ባዶነቱ ግን ዘዴ ነው፤ አስቀድሞ ያልታወቀው እውነተኛው ጥያቄ በተከታይ ስም ከኋላው ይመጣል። እዚያም ቢሆን ከመልስ ይሸሻሉ፣ ጩኸቱና ፌዙም አይጣል ነው። ነገር ግን ሲሸሹ ይታያል። እኛ ባዶውን ጥያቄ አሳምረን ወስደን ተከታዩን እዚያው ለንደን ትተንላቸዋል።

ይህ ለኛ ባህል ባዕድ ነው የሚልዎት ካለ ግን አይመኑት። እንዲያውም እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያድርጉ፣ ደምዎ ውስጥ አለና። በበላ ልበልሃው ዘመን ተሟጋች ኩታውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ይዞ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ «ተጠየቅ!» ብሎ ይነሣ ነበር። ባላጋራው ነገሩን ሲያዞርበት ተመልሶ ይይዘዋል፤ በማርና በበቅሎ እየተወራረደ ከአንድ ቃል ወደ ሌላ ቃል ያጣብቀዋል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የተባለው ለዚህ ነው። ዳኛው፣ ታዳሚው፣ መንገደኛው ሳይቀር ቆሞ ይሰማል። ማንም ባላገር የበሬ ነጠቃ ሙግቱን በያይነቱ አድርጎ አቅርቦ ቁጭ አይልም ነበር። እንግዲህ ይህ የአያት ልማድ አዳራሽ ውስጥ ድንገት እንዳይነሣብዎት ሲገቡ ከኮትዎ ጋር አውልቀው ቢሰቅሉት ይሻላል።

ቀድሞ ትንሽ አስቸጋሪ ጊዜ አልፏል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ፣ ከ170 በላይ መቀመጫ ካሸነፉት ተቃዋሚዎች ገሚሱ ባይገባም፣ የገቡት እንደ አቶ ቡልቻ ደመቅሳ ያሉት ከያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ከአቶ መለስ ጋር ሲመላለሱ ሻይ ቤት ያለ ሰው ቴሌቪዥን ይከብ ነበር። መልሱ ብዙ ጊዜ ከጥያቄው ይበልጥ ይናደፋል፣ ግን ሰዉ ሁለቱንም ሰምቶ ይፈርዳል። በ2002 ከ547ቱ ወንበሮች ለተቃዋሚ የቀረው አንድ ሆነ፤ በ2007 የዚያን ጊዜው ገዥ ግንባር ኢሕአዴግና አጋሮቹ ሁሉንም ወሰዱ። ያኔ ቤቱ ሙሉ ሰላም አገኘ። ስለ ሰላሙ የሚነገረኝ ሁሉ አያሳምነኝም፤ ባለ ብዙ ወንበሩ ፓርቲ ራሱን በደንብ ይጠይቃል የሚለው ክርክር በተለይ። በአንድ ስብሰባ አብረው የወሰኑትን በሌላ ስብሰባ እንደ አዲስ ለመጠየቅ የተዋናይ ተሰጥኦ ይጠይቃል።

ቁጥር መጠየቅ ካማረዎት በመቶኛ ይጠይቁ፣ እሱ አይጎዳም። ከ2003 እስከ 2007 የነበረው የመጀመሪያው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ 10 አዳዲስ የስኳር ፋብሪካዎች ሊያቆም፣ ዓመታዊ ምርቱን 2.25 ሚሊዮን ቶን ሊያደርስ ነበር። ከግንባታው ትልልቁን የመንግሥቱ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሜቴክ፣ ወሰደ። በየዓመቱ ሪፖርት ተሰማ፤ ግንባታው ይህን ያህል በመቶ ደርሷል ተባለ። ዕቅዱ አለቀ፣ ስኳሩ በወረፋ ቀረ። ኋላ ሥራው ከሜቴክ እየተነጠቀ ለሌሎች ተሰጠ፤ ኅዳር 2011 ደግሞ የሜቴክ ኃላፊዎች በሙስና ተጠርጥረው ሲታሰሩ አገሩ ሁሉ ጉድ አለ። መቶኛን ያህል ደግ ነገር የለም፤ የምኑ በመቶ እንደሆነ ካልተጠየቀ ማንንም አያስነካም። «የሥራው ነው የገንዘቡ?» ብሎ የጠየቀ አባል ቢኖር ኖሮ፣ የፊዚካል አፈጻጸሙና ክፍያው ጎን ለጎን ተቀምጠው ልዩነታቸው በአንድ ደቂቃ ይታይ ነበር። ስለዚህ እርስዎ ይህን እንዳይጠይቁ።

ከተቻለዎት የመንግሥት ወጪን የሚቆጣጠረው ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ እንዳይመደቡ ይጸልዩ። እዚያ ያለው ነገር ለወጉ የሚስማማ አይደለም። ይፋዊ ስብሰባ ይጠራል፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ከነምክትሎቹ በአንድ ወገን ይቀመጣል፤ ከዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት የመጡት ሰዎች ወረቀታቸውን ይዘው በሌላው ወገን። ወረቀቱ ላይ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሒሳብ አለ፣ ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ አለ፣ ከመመሪያ ውጭ የተፈጸመ ግዥ አለ፤ እያንዳንዱ ከነብሩ። ኃላፊው «ይህ የሆነው እኔ ከመሾሜ በፊት ነው» ይላል። አንዱ አባል የተሾሙበትን ወር ይጠይቀዋል። «አብዛኛው ተወራርዷል» ይላል። ኦዲተሩ ጉሮሮውን ጠርጎ የተወራረደውን ያነባል፤ አብዛኛው አይደለም። ኃላፊው ወደ ፋይናንስ ዳይሬክተሩ ይዞራል፤ ዳይሬክተሩ ፋይል ያገላብጣል። ያንን የወረቀት ኮሽታ የሰማ ሰው ወደ ምስጋናውና ወደ «ቢብራራልን» መመለስ ይከብደዋል። ልብ ይበሉ፣ የኮሚቴው አባላት ከሌላው ተወካይ የተለየ ድፍረት የላቸውም። ያላቸው ወረቀትና ሁለተኛ ጥያቄ ነው።

የቀረችው አንዲት ምክር ስለ ዕረፍት ናት። ምክር ቤቱ ከመስከረም መጨረሻ ሳምንት እስከ ሰኔ 30 ይሰበሰባል፣ መሐል ላይ አንድ ወር ያርፋል፤ በዕረፍቱ እርስዎ ወደ ምርጫ ክልልዎ ወርደው መራጩን ያነጋግራሉ። የወረዳው አዳራሽ ይሞላል። ስለ መንገዱ ይጠይቁዎታል። አይጨነቁ፣ መልሱን ይዘው ነው የመጡት፦ ጥያቄው ተገቢ ነው፣ የወሰን ማስከበር ችግር አለ፣ በቀጣዩ በጀት ዓመት ትኩረት ተሰጥቶታል። ምናልባት ከኋላ ረድፍ አንድ አባት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ይነሡና «ልጄ፣ ይሄንንማ አምናም ነግረኸናል። ካሳ ሳይከፈለው የቀረው ቤት የማን ነው? እኛ እንጠይቀዋለን» ይሉ ይሆናል። ሕገ መንግሥቱ መራጭ አመኔታ ባጣበት ጊዜ ውክልናውን ሊያነሣ ይችላል የሚለው እዚያው አንቀጽ 54 ላይ ስለሆነ፣ ሰውየውን በትሕትና ያመስግኗቸው። ጊዜ አልቋል ለማለት ግን እንዳይሞክሩ፤ አፈ ጉባኤ አብሮዎት አልመጣም፣ ሽማግሌው ደግሞ የሚያጠፉት ማይክራፎን አልያዙም።