አንገት የደረሰው ሽማግሌ

ልጅ ሆኜ አዋቂ እስኪበላ ቆሜ ጠበቅኩ። አሁን ሸምግዬ ልጅ እስኪበላ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። በመካከሉ የእኔ ተራ መቼ መጥቶ መቼ እንዳለፈ የሚነግረኝ ሰው ካለ ውለታውን አልረሳም።

ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ ከዶሮ ልጀምር። ዶሮ 12 ብልት ነው፤ ይህን አስተካክላ መገንጠል ያልቻለች ሴት ባለሙያ በማትባልበት ቤት ነው ያደግኩት። ፈረሰኛው የአባወራው ነው። እኛ ልጆች እጅ አስታጥበን፣ ኩራዝ ይዘን፣ ግድግዳ ተደግፈን ቆይተን ቆይተን ክንፍና አንገት ይደርሰናል። አንገቷን እየጋጥኩ፣ «ግድ የለም፣ እኔም አንድ ቀን አባወራ ስሆን ፈረሰኛው ወዴት ያመልጠኛል» እያልኩ እጽናና ነበር።

ዘንድሮ በፋሲካ ምራቴ ድስቱን ከፈተች። ስድስት ዓመት ያልሞላው የልጅ ልጄ ጣቱን ቀስሮ «ትልቁን!» አለ። ፈረሰኛው ሄደ። አራት ዓመት የሆናት እህቱ እግሩን መረጠች፤ ምክንያቷ «መያዣ አለው» ነው። ልጁ ፈረሰኛውን አንዴ ገመጠና «ያቃጥላል» ብሎ ተወው። ምራቴም ከድስቱ ፈልጋ ፈልጋ፣ «አባባ፣ ይቺ ለጥርስዎ ትስማማለች» ብላ አወጣችልኝ። አንገት! ከስንት ዘመን በኋላ ከዚያችው አንገት ጋር ተገናኘን።

የምንኖረው ጀሞ ሁለት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ደረጃውን ስንወርድ ትንሿ «ራሴ እወርዳለሁ!» ትላለች፤ በየእርከኑ ቆማ፣ የጎረቤቱን በር ሁሉ ሰላም ብላ፣ ለቅሶ የምሄድ ከሆነ ቀብሩ አልቆ ድንኳን እስኪፈርስ ድረስ ትወርዳለች። ስንመለስ ግን ገና የመጀመሪያው ደረጃ ላይ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ «እሽኮኮ» ትላለች። ጉልበቴን ሐኪም ያየው ለእኔ እንዲያገለግል ነበር።

ውኃው በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም ሰው በተኛበት ሌሊት ነው። ተነስቶ ጀሪካን የሚሞላ ማን ነው? እንቅልፍ የማይወስደው፤ ማለትም እኔ። ጠዋት ትንሿ ትነሳና በባልዲ የተቀመጠውን ውኃ ወስዳ አሻንጉሊቷን ታጥባለች። ጸጉሯን በሻምፖ ሁለት ጊዜ ታሽና ታለቀልቃለች፣ በፎጣ ጠቅልላም ሶፋዬ ላይ ታስቀምጣታለች። እኔ በአንዲት ጣሳ ፊቴን አብሼ እርጥብ ሶፋ ላይ እቀመጣለሁ።

ቀን ላይ ደግሞ ትተኛለች። ያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ የሚጮኸው ነገር ሁሉ ጸጥ ይላል፤ ሬዲዮዬ ይዘጋል፣ ሸምበቆ ዱላዬ ሴራሚኩን እንዳይመታ ጥግ ይይዛል። አንድ ቀን ጉንፋን ይዞኝ ሳልኩ። ምራቴ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ በሹክሹክታ፣ «አባባ፣ እባክዎ ቀስ ብለው ይሳሉ» አለችኝ። ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ መልካም ልጅ ናት፣ አንድ ቀን ቡናዬን አጓድላብኝ አታውቅም። ግን ሳል ቀስ ተብሎ ሲሳል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሞክሩት። በጆሮ ነው የሚወጣው።

ጥፋት ሲመጣስ? በእኛ ጊዜ ኩርኩም ነበር፣ ቁንጥጫ ነበር፤ ባሰበት የተባለማ በርበሬ ታጥኗል። ይመለስ አላልኩም፤ የታጠንኩት እኔው ስለሆንኩ ምኑን እናፍቃለሁ። የዛሬው ቅጣት ግን መቀመጥ ነው። «ታይም አውት» ይሉታል፤ ለአንድ ዓመት ዕድሜ አንድ ደቂቃ። ልጁ ግድግዳውን በከለር ሲሞነጫጭር ተያዘ። እናቱ፣ «ሂድ፣ አያትህ አጠገብ ተቀመጥ!» አለችው። እያለቀሰ መጣ። «እማዬ ሁለተኛ አይለምደኝም! እባክሽ!» ይላል፤ እኔን እያየ ነው እንግዲህ። አምስት ደቂቃው ሲሞላ ተፈትቶ እየፈነደቀ ሄደ። እኔ በዕድሜዬ ልክ ቢሰላልኝ አንድ ሰዓት አልፎኝ ነበር የምፈታው፤ ግን የእኔን ደቂቃ ማን ቆጠረው!

ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። የእነዚህ ልጆች አባት የአባባ ተስፋዬን ተረት ለማየት ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ሄዶ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ከሰፈር ልጅ ጋር መሬት ላይ ተደርድሮ ነው ያደገው። ተረቱ ሲያልቅ አለቀ፤ ልጅ ወደየቤቱ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ተስፋዬ ሳህሉ አንዱን ተረት በአንድ ምሽት ሃያ ጊዜ አልደገሙብንም። የእኛ ሳሎን ግን «ቤቢ ሻርክ» በሚባል የዓሣ ዘፈን ተይዟል። ዩቲዩብ ላይ ከ10 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ታይቷል ሲሉ ሰው ይገረማል። እኔ ምን ይገርመኛል፤ ግማሹን ያየነው እኛ ነን። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አገር እንዴት ዋለ ብዬ ዜና ስጠብቅ ዓሣው ዘመዶቹን ይጠራል፦ ልጅ፣ እናት፣ አባት፣ ሴት አያት። ወንድ አያት ከቤተሰቡ መጨረሻ ነው የሚጠራው። ባሕር ውስጥም ያው ነው!

ትምህርቱን እንዳላነሳው ደግሞ ሆዴን ይቆርጠኛል። እኔ 33ቱን ፊደል ከነሰባት ቤቱ፣ 231ዱን ሆሄ፣ ቄስ ትምህርት ቤት ስቆጥር አባቴ አንዲቷን እንኳ አልቆጠረልኝም። ዛሬ የቤት ሥራ የሚሰጠው ለቤተሰብ ነው። «ከካርቶን ቤት ሠርታችሁ አምጡ» ተባለ። እናትና አባት ከሥራ ደክመው ሲገቡ መቀሱ እኔ እጅ ላይ ወደቀ። ኮላው ጣቴን ከጣቴ አጣብቆኝ፣ ጣሪያ አቆምኩ፣ መስኮት ቀደድኩ፣ አጥር ሳይቀር አጠርኩለት። ውጤቱ ከ10 ስድስት መጣ። ከሥሩም «የበለጠ ትጋት ያስፈልገዋል» ተብሎ ተጽፎበታል። በዚህ ዕድሜዬ!

የእኔ ብቻ ቢሆን በሆዴ በያዝኩት። ዕድር ላይ ስንገናኝ ሁሉም ብሶተኛ ነው። የአንዱ መነጽር ለድብ አሻንጉሊት ተሰጥቷል፤ ሌላው ከዘራው ፈረስ ሆኖ ተወስዶበት ጃንጥላ ይዞ ይመጣል። ነገሩ ግልጽ ነው። ድሮ የልጅ ልጅ በዓመት በዓል ወደ አያቱ ቤት ይመጣ ነበር፤ በገዛ ቤትህ ደግሞ ፈረሰኛህን የሚነካ የለም። ዛሬ ወደ ልጁ ቤት የገባው አያት ነው። ባልና ሚስት ሥራ ይውላሉ፤ ሞግዚት በስንት ፍለጋ ተገኝታ ሳትለምድ ትሄዳለች። ደመወዝ የማይጠይቅ፣ ዓመት ፈቃድ የማይወጣ፣ ሌላ ቤት የማይቀጠር ሞግዚት ማን ነው? በልጅ አመካኝቶ ይበላል እንኩቶ ይባላል፤ እኔ አመካኝቼም እንኩቶዋን አላገኘኋት።

ቢቸግረኝ በእንቆቅልሽ ልግዛቸው አልኩ። የጨዋታው ሕግ የታወቀ ነው፤ መልሱን ያላወቀ አገር ይሰጣል። እኔ በልጅነቴ በዚህ ጨዋታ ጎንደርንም ሐረርንም ተረክቤ አድሬአለሁ።

«እንቆቅልሽ» አልኳት ትንሿን።

«ምን አውቅልህ።»

«ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?»

«ወንድሜ!»

«አይደለም። ውኃ ነው።»

«ውኃማ በፈረቃ ነው» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ቢሆንም ሕግ ሕግ ነው፤ «በይ አገር ስጪኝ» አልኳት። ብዙ አሰበችና «ጀሞ ሁለት» አለች። «እሱማ ያለሁበት አይደለም እንዴ? ሌላ ጨምሪልኝ» ብላት፣ «ሌላው የእኔ ነው!»

እንግዲህ አቤቱታዬን በጽሑፍ አደረግኩት። አንደኛ፣ ፈረሰኛው ቢቀር እግሩ ይሰጠኝ። ሁለተኛ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ዓሣው ለግማሽ ሰዓት ይረፍ። ሦስተኛ፣ እኔ አጠገብ መቀመጥ ከቅጣት ይሰረዝልኝ። ልጄ አንብቦ ሳቀና፣ «አባባ፣ ይኼማ የልጆቹ ጉዳይ ነው፤ እነሱን አነጋግራቸው» አለኝ። አነጋገርኳቸው። አንደኛውንና ሁለተኛውን «ለምን?» በምትል አንዲት ቃል ጣሉት። ሦስተኛውን ግን ልጁ ራሱ ተቀበለልኝ፤ ከእንግዲህ ማንም እኔ አጠገብ በመቀመጥ እንዳይቀጣ፣ እኔ ከነሶፋዬ ወደ በረንዳ እንድዛወር ተወሰነ።

ይግባኝ ብያለሁ። ይግባኙን የምታየው ትንሿ ናት።