አፈር ያልተጠየፉት አቶ ላዳ

ሟች አቶ ላዳ፣ በሥራ ስማቸው ኮንትራት፣ ከአባታቸው ከጣልያናዊው ፊያት 124 እና ከእናታቸው ከቮልጋ ዳሩ ፋብሪካ፣ ቶልያቲ በምትባል የሶቪየት ከተማ በ1962 ዓ.ም. ተወለዱ። ከተማዋም ብትሆን ስሟን ያገኘችው ከጣልያን ኮሙኒስት ፓርቲ መሪ ከፓልሚሮ ቶልያቲ ነውና፣ ሟች በእናታቸው አገር ቢወለዱም የአባታቸው ወገን ስም ከደጃቸው አልጠፋም።

አባታቸው እ.ኤ.አ. በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብለው የተሸለሙ ጨዋ ነበሩ። ልጃቸው ግን ለሽልማት ሳይሆን ለመከራ ተሠሩ። ለሶቪየት መንገድ እንዲበቁ ቆርቆሯቸው ወፈረ፤ ከመሬት ከፍ አሉ፤ የኋላ ፍሬናቸው ተቀየረ፤ ብርዱ ባትሪያቸውን ሲገድለው በእጅ ተጠምዝዘው እንዲነሡ ከፊት ቀዳዳ ተበጀላቸው። ዕድሜያቸው ለሥራ ሲደርስ በደርግ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ከላይ ነጭ፣ ከታች ሰማያዊ ለብሰው አዲስ አበባን ማገልገል ጀመሩ። ትዳር አልመሠረቱም፤ ይሁን እንጂ ከመርካቶ እስከ ኮተቤ አንድ ሌሊት ያላደሩበት ጋራዥ የለም።

እኔ የአትክልት ወዳጆች ማኅበራችን ጸሐፊ ነኝ፤ ይህን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ ያዘዘኝም ማኅበሩ ነው። ለምን አንድ የታክሲዎች ማኅበር አላነበበውም የሚል ቢኖር መልሱ አጭር ነው፤ ታክሲዎቹ ሰው ያመላለሱ መስሏቸዋል። ሟች ምን እንዳመላለሱ የምናውቀው እኛ ነን።

ስብሰባችን በየወሩ በተራ በአባላቱ ግቢ ይደረጋል። አንዱ ወር ኮተቤ፣ አንዱ ወር መካኒሳ፣ ሌላው ወር እንጦጦ ሥር። ሕጋችን ባዶ እጅ መምጣትን ይከለክላል፤ የጽጌረዳ ቁራጭ፣ የጤና አዳም ችግኝ፣ የኮሰረት ንቃይ፣ ምንም ካልተገኘ አንድ ከረጢት ፍግ ተይዞ ይመጣል። ይህን ሁሉ አውቶቡስ አይቀበልም፤ ሚኒባሱ ቢቀበል ረዳቱ አይቀበልም። አቶ ላዳ ግን በዘይት ቆርቆሮ የተተከለውን ጽጌረዳ በፖርቶ መጋላቸው ላይ፣ ችግኙን በእኛ ጉልበት ላይ፣ ፍጉን በኋላ ዕቃ መጫኛቸው ውስጥ አድርገው «ቂ...ቂ...ቂ» እያሉ ይነሡ ነበር። በአንደኛው ሙከራ ባይሆን በግፊያ።

ስለ ሕመማቸው ብዙ ሐሜት ሰምተናል። አቀበት ላይ ይፈላሉ፣ ይቆማሉ፣ ያፍናሉ። እዚህ ላይ እውነቱ ይነገር፤ ጥፋቱ የወላጆቻቸውም የእርሳቸውም አልነበረም። የቮልጋ ሜዳ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ሳሳ ባለ አየር ካርቡራተር ያለው ሞተር ከጉልበቱ አምስተኛ እጅ ያህሉን ገና ከመነሣቱ ይገብራል። ከስልሳ ጥቂት ያለፈች የፈረስ ጉልበት ይዘው የመጡ አረጋዊ፣ ከአራት ጎልማሶችና ከአንድ የፍግ ከረጢት ጋር ሽሮ ሜዳን ውጡ ሲባሉ ምን ያድርጉ? ውሃ እንኳ እዚህ ከፍታ ላይ ገና 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። የፈሉት ተፈጥሮ አስገድዷቸው ነው።

በአንዱ የእንጦጦ ስብሰባ ጉዞ ከሽሮ ሜዳ በላይ ኮፈናቸው ሥር ነጭ ጭስ ተነሣ። ሾፌሩ ወርደው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ፊታቸውን አዙረው የራዲያተሩን ክዳን ከፈቱና «ውሃ የያዘ አለ?» አሉ። ውሃ ነበር። እትዬ፣ የማኅበሩ አንጋፋ፣ ጀሪካኗን በጉልበታቸው መካከል ይዘዋታል።

«ይሄ የኮሰረቴ ነው» አሉ።

«እትዬ፣ እኚህ ካልጠጡ ኮሰረቱም አይደርስም።»

«እኚህ ጠዋት አልጠጡም እንዴ?»

ሽማግሌ ገባበት፤ ግማሹ ለራዲያተሩ፣ ግማሹ ለኮሰረቱ ሆነ። ከሰዓት በኋላ የጻፍኩት ቃለ ጉባኤ «አባላቱ ስለ ውሃ ቁጠባ በሰፊው ተወያይተዋል» ይላል። ውሸት የለበትም።

ስለ ወለላቸውም አንድ ነገር ልበል። ከኋላ ወንበር በእግር ሥር ዝገት የበላው ቀዳዳ ነበራቸው፤ አስፋልቱ ሲያልፍ ይታያል። አዲስ ሰው ይደነግጣል። አትክልተኛ ግን ይደሰታል፤ ከሥሩ ያልተበሳ ቆርቆሮ ውሃ አቁሮ የተክሉን ሥር እንደሚያበሰብስ ያውቃላ! ችግኞቻችንን መኪናው ውስጥ ሳንሰጋ እናጠጣ ነበር። መስኮት ለመክፈት ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለአራቱ መስታወት ያለችው ማዞሪያ አንዲት ስትሆን የምትኖረውም በሾፌሩ የኮት ኪስ ውስጥ ነው። ፍግ በተጫነ ቀን ማዞሪያዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር ያየ፣ ጸበል የሚከፋፈል ይመስለዋል።

ፍጉ ግን ውለታም አለው። አንድ ጊዜ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። ፖርቶ መጋላው ላይ ያለው ጫካ ከመኪናው ይረዝም ነበርና አይፈረድበትም። መንጃ ፈቃድ ተቀበለ፣ ዙሪያውን ዞረ፣ መቅጫ ደብተሩን አወጣ። ከዚያ «ኋላውን ክፈት» አለ። ሾፌሩ ከፈቱ። ትኩስ ነበር፤ ከላም ቤት የወጣ የዚያው ቀን ጠዋት ነው። ትራፊኩ ደብተሩን በአፍንጫው ላይ አድርጎ «ሂድ! ሂድ! ሂድ!» አለ። ከዚያ ወዲህ ሾፌራችን ፍግ ያልተጫነበትን ጉዞ አይወዱትም ነበር።

ከሁሉ የሚብሰው ስድስት ኪሎ ላይ ቺንጊያቸው የተበጠሰ ዕለት ነው። ሾፌሩ ቺንጊያ ፍለጋ ሄዱ፤ እኛ መኪናውን ዳር አስይዘን ቆምን። አንዲት መንገደኛ ቀረብ ብላ ጣራውን አየችና «ጤና አዳሙ ስንት ነው?» አለች። ዝም አልን። ገንዘብ ያዣችን ዝም አላሉም። ዋጋ ጠሩ። ሌላ ሰው መጣ፤ ጽጌረዳው ሄደ። ጀራንየሙ ሄደ። ሾፌሩ ቺንጊያቸውን አንጠልጥለው ሲመለሱ ፖርቶ መጋላው ባዶ፣ የገንዘብ ያዣችን ኪስ ግን ያበጠ ነበር። የዕለቱ ባለ ተራ ጉድጓዶቹን አስቆፍረው፣ ኮምፖስት አስገብተው፣ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁን ብር ይዘንላቸው ደረስን። ለስንት ጊዜ አኩርፈውናል። የማኅበሩ ካዝና ግን እንደዚያ ቀን ሞልቶ አያውቅም።

ሟችን ቅዱስ ለማድረግ አልመጣሁም። ማርሚታቸው የሚተፋው ጥቁር ጭስ ለአትክልት ወዳጅ አሳፋሪ ነበር። ስለ አረንጓዴ ከተማ ልናወራ ስንሄድ የመንገድ ዳሩን ቅጠል ሁሉ እያጠቆርን ነው የምንደርሰው። ቁልቁለት ላይ የጸለይነውን ጸሎትም እያንዳንዳችን እናውቀዋለን።

ሆኖም ከእርሳቸው በኋላ የሆነውን እዩ። መጀመሪያ ቢጫዎቹ መጡ፣ ቀጥሎም በስልክ የሚጠሩት። ንጹሕ ናቸው፣ ይደርሳሉ፣ አቀበት አይፈሩም። ደውለህ «አንድ ችግኝ ይዤያለሁ» ስትል ግን ሾፌሩ «አፈር አለው?» ይላል። አፈር የሌለው ችግኝ ከየት ይምጣ! «ወንበሬ ይቆሽሻል» ብሎ ይሰርዛል። አባላቱ ታዲያ ምን አደረጉ? ባዶ እጃቸውን፣ ጫማቸው እንደ ተወለወለ፣ በሰዓቱ መድረስ ጀመሩ። ስብሰባው በአጀንዳው መሠረት ተጀምሮ በአጀንዳው መሠረት ያልቃል። ድሮ ኮተቤ ጠዋት የተቆረጠ የጽጌረዳ ቁራጭ ሳይጠወልግ ማታ መካኒሳ መሬት ውስጥ ይገባ ነበር፤ የአንዲት እናት ጽጌረዳ የስንት ግቢ አጥር የለበሰው እንዲያ ነው። ዛሬ የምንለዋወጠው በቴሌግራም የአበባ ፎቶ ነው። ፎቶ ደግሞ ሥር አያወጣም። መዘግየታችን ያስቆጣው የነበረው ሊቀመንበራችን እንኳ ባለፈው ወር ሰዓቱን አይቶ «ሁላችንም በጊዜ ደረስን፤ እንግዲህ ምን እንትከል?» ብሎ ጠየቀ። መልስ የሰጠው የለም።

ሟች ባደረባቸው የመለዋወጫ እጦት በየጋራዡ ሲረዱ ቆይተው አርፈዋል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ሲከለከል፣ ለወገኖቻቸው ሁሉ አብሮ ድንኳን ተጥሏል። ሲወለዱ 955 ኪሎ ይመዝኑ ነበር፤ የቁራሌው ሚዛን ላይ የወጡት ግን ጎድለው ነው፤ ከእግር በታች ያለው ቆርቆሮ ቀደም ብሎ በየመንገዱ ቀርቷልና። በኩባ ታክሲ እየሠሩ ያሉ ወንድሞቻቸውን እግዚአብሔር ያጽናቸው።

ማዞሪያዋን ሾፌሩ ለማኅበራችን አውርሰዋል፤ በገንዘብ ያዣችን እጅ ትገኛለች።

የሚቀጥለው ስብሰባ ኮተቤ ነው። ማጓጓዣን በተመለከተ ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንዱ ወገን አይሱዙ እንከራይ ብሏል፤ ገንዘብ ያዣችን ዋጋውን ሰምተው ተቃውመዋል። እትዬ ደግሞ የአህያ ጋሪ ይቅረብልን ብለዋል። አህያ ቤንዚን አትጠጣም፣ አቀበት ላይ አትፈላም፣ ፍጉንም ለብቻው መጫን አያስፈልግም።