የሸራ ሆድ፦ ስለ አመጣጡ፣ ስለ ዘንጉና ስለ ተጠቂዎቹ አጭር ጥናት

በአዲስ አበባ፣ አብነት ሰፈር፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ጥባት ሰማዩ ሁለት ነው። የላይኛውን የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ያጠኑታል። የታችኛው ግን፣ ከሱቁ በር እስከ መብራት እንጨቱ የተወጠረው፣ ከማዳበሪያ ጆንያና ከአሮጌ ባነር የተሰፋው፣ ጥግ ጥጉ ላይ ጠጠር የተቋጠረበት ሸራ፣ እስከ ዛሬ ተመራማሪ አላገኘም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመድፈን የተዘጋጀ ነው። ክፍተቱ፣ በተለይ በስፌቱ በኩል፣ ሰፊ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ይደፈናል ብለን ቃል አንገባም።

ጉዳዩ ተራ ነው የሚል አንባቢ ታሪክ ይመልከት። የኢትዮጵያ ነገሥታት ለረጅም ዘመን የገዙት ከድንኳን ሆነው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአጼ ልብነ ድንግል አገር የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ከቦታ ቦታ ስለሚጓዘው የድንኳን ከተማ በሰፊው ጽፏል። አዲስ አበባም ብትሆን የተጀመረችው እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ባረፉበት ድንኳን ነው። ከተማዋ ከዚያ ወዲህ ከድንኳን ወደ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮ ወደ መስታወት ፎቅ አድጋለች ይባላል። ከፎቁ ሥር ያሉት ሊስትሮ፣ የጉልት ነጋዴና የጀበና ቡና ሻጭ ግን ወሬው አልደረሳቸውም።

ለሸራ የሚሆን ጨርቅ አራት ወገን አለው። የመጀመሪያው ወፍራሙ የጥጥ ሸራ ነው። ባላባቱ እሱ ነው፤ የሚኖረውም በእድር ዕቃ ቤት፣ ከአግዳሚ ወንበሮችና ከትልልቅ ድስቶች ጋር ነው። ሁለተኛው ሰማያዊው የፕላስቲክ ሸራ ነው። አዲስ ሲሆን የእጥፋቱ መስመር አልለቅ ይላል፤ ሲያረጅ በዚያው መስመር ይቀደዳል። ሦስተኛው ባነር ነው። ባነር ውሃ አያስገባም፣ ጉልበት አለው፣ የተሠራለት በዓል ባለፈ ማግስትም ዋጋው እጅግ ይረክሳል። ጉድለቱ ጽሑፍ ያለው መሆኑ ብቻ ነው። «እንኳን ደስ ያላችሁ» የሚል የምረቃ ባነር የለቅሶ ቤት ማብሰያ ጣሪያ ሲሆን ፊደሉ ወደ ሰማይ መዞር አለበት የሚል ያልተጻፈ ሕግ አለ። ሕጉ የሚጣሰው በችኮላ ጊዜ ነው፤ ለቅሶ ደግሞ ሁልጊዜ በችኮላ ነው።

አራተኛው ማዳበሪያ ነው። ይህ ጆንያ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ የተሸመነ ሲሆን፣ መጀመሪያ 50 ኪሎ ዩሪያ ይዞ ገበሬ ቤት ይገባል፤ ቀጥሎ ከሰል ወይም ድንች ይዞ ከተማ ይመጣል፤ ከሰሉ ሲያልቅ ጣሪያ ይሆናል። ጠላቱ ውሃ አይደለም፣ ፀሐይ ናት። ክረምት ያላሸነፈው ማዳበሪያ በጋ ካደረቀው በኋላ በእጅ ሲነካ ይበጣጠሳል። ማዳበሪያ መፍታት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የጆንያው አፍ የተሰፋው በሰንሰለት ስፌት ስለሆነ፣ ከትክክለኛው ጫፍ የተሳበ እንደሆነ ክሩ ተርርር ብሎ በአንድ ትንፋሽ ይወልቃል፤ ከተሳሳተው ጫፍ የጀመረ ግን ጥርሱን ይጠቀማል፣ ቀጥሎ ምላጭ ይጠይቃል፣ መጨረሻ ላይ ጆንያውን ይቀድደዋል። በየግቢው ትክክለኛውን ጫፍ በዳበሳ የሚያውቁ አንድ እናት ይኖራሉ። የወለቀውም ክር አይጣልም፤ ተጠቅልሎ ይቀመጥና ያንኑ ማዳበሪያ መልሶ ለመስፋት ይውላል።

ከአብነት መርካቶ በእግር ይኬዳል። አዲሱንም ምናለሽ ተራ የሚገኘውን አገልግሎ ያረፈውንም ሸራ አገላብጦ፣ ተከራክሮ፣ ጥሎ ሄዶ፣ ተጠርቶ ተመልሶ መግዛት ስለሚቻል፣ የአቅርቦት ችግር የለም። ለጥናታችን የሚጠቅመው ከግዢው በኋላ፣ በመንገድ ዳር ሰፊው ሲንጀር ፊት የሚካሄደው የልኬት ሥነ ሥርዓት ነው።

«ጋሼ፣ እነዚህን ያያይዙልኝ።»

«ስንት በስንት?»

«ያው እስከ መብራት እንጨቱ ነው።»

«ቁመቱ ይሄ ነዋ?»

«አዎ። ግን ለማንኛውም ትንሽ ጨመር ያድርጉበት።»

አንባቢ ይህን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር በቀይ ያስምርበት። የምናጠናው ነገር የተፀነሰው እዚህ ነው። ጨርቁ ውድ ቢሆን ኖሮ ማንም «ጨመር ያድርጉበት» አይልም ነበር፤ በልኩ ተሰፍቶ፣ ተወጥሮ፣ ውሃውን እያንሸራተተ ያወርድ ነበር። ርካሽ ስለሆነ ግን ለማንኛውም ይጨመራል። ያ «ማንኛውም» ሐምሌ ላይ ይመጣል።

ስለ ስፌቱ አጭር ነገር ብቻ እንበል። ሰፊው ሁለቱን ጠርዝ አቆላልፎ በድርብ ይሰፋል፤ መርፌ የወጋው ሁሉ የውሃ በር ስለሆነ ስፌቱ ላይ ሻማ ይታሻል። የቆርቆሮ ክዳን ሕግ እዚህም ይሠራል፦ የላይኛው ጠርዝ በታችኛው ላይ መደረብ አለበት። ተገልብጦ ከተሰቀለ ስፌቱ ቦይ ሆኖ ውሃውን ይቀበላል። የሚሰቀለው ተገልብጦ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። የሸራ ሆድ ማለት በሸራ መካከል፣ ብዙውን ጊዜ ሰው ከሚቀመጥበት በላይ፣ ውሃ ሲጠራቀም የሚፈጠረው እብጠት ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ግማሽ ያህሉ የሐምሌና የነሐሴ ነው። አራት በአምስት ሜትር በሆነ ሸራ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 200 ሊትር፣ ማለትም አንድ በርሜል ውሃ ነው። አንድ በርሜል ውሃ ሁለት ኩንታል ይመዝናል። ሁለት ኩንታል ዕቃ በሲባጎ አስሮ ከራሱ በላይ የሚሰቅል ሰው የለም፤ ውሃ ሲሆን ግን ሁላችንም ሥሩ ቁጭ ብለን ቡና እንጠጣለን። ሆዱ በባሕርዩም ስስታም ነው። ውሃው በከበደ ቁጥር ሸራው ይረግባል፤ በረገበ ቁጥር የጎረቤቱን ውሃ ሁሉ ወደ ራሱ ይጠራል። በራሱ የሚያቆምበት ደረጃ አልተገኘም፤ የሚያስቆመው የገመዱ መበጠስ ወይም ሆዱን ከሥር ገፍቶ ውሃውን የሚያፈሰው ዘንግ ነው።

ዘንጎች በሦስት ይመደባሉ። መወልወያ እንጨት ቀላል፣ በቅርብ የሚገኝና አጭር ነው፤ ሰውየው ወንበር ላይ እንዲወጣ ያስገድዳል፣ ወንበሩም ፕላስቲክ ነው። ጃንጥላ የመንገደኛ መሣሪያ ሲሆን ሹል ጫፉ ሥራውን ባልታሰበ ፍጥነት ይጨርሳል። ከሁሉ የምናስበልጠው የባሕር ዛፍ አጣና ነው። ይህን ዛፍ ወደ አገር ያስገባው የአጼ ምኒልክ ዘመን ስለ ማገዶና ስለ ቤት ሥራ ሲያስብ ይህን ጥቅሙን አላሰበው ይሆናል። በአጣና ምርጫ ላይ ጸሐፊው ጠንካራ አቋም አለው፦ በመጥረቢያ የተቆረጠው ጫፉ ሹል ስለሆነ ሸራ ይበሳል፤ በሞተር መጋዝ የተቆረጠው ግን ደልዳላ ነው። የሞተር መጋዝ በከተማችን ለዚህ አገልግሎቱ ተመስግኖ አያውቅም። የመጥረቢያ አጣና ብቻ ያለው ሰው ጫፉ ላይ ባዶ ሃይላንድ ይደፋበታል፤ በዚህ ዘርፍ ከዚያ የሚበልጥ ፈጠራ አላየንም።

ገፊዎቹም በአራት ይመደባሉ። አንደኛው ባለቤቱ ነው። ባለቤት ቀስ ብሎ፣ ወደ መንገዱ በኩል ይገፋል፤ «ዞር በሉ!» የሚለው ውሃው ከወረደ በኋላ ነው። ሁለተኛው ጎረምሳው ነው። በለቅሶ ድንኳን «ተወው፣ እኔ ልያዘው» ብሎ ዘንጉን ከሽማግሌ እጅ ይቀማና መሐሉን አንዴ ይወጋዋል። አንዱ ሆድ ሁለት ሆድ ይሆናል፤ አንደኛው በቄሱ፣ ሁለተኛው በወጥ ድስቱ አናት ላይ። ሦስተኛዋ እትዬ ናቸው። እትዬ ዝናቡ ገና ማካፋት ሲጀምር በመጥረጊያቸው ጫፍ ጠጋ ብለው እየነካኩ ሆዱን ሳይወለድ ያስቀሩታል። ሙያተኛዋ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ማንም አያያቸውም፣ አስተያየትም አይሰጣቸውም።

አራተኛው አማካሪው ነው። አማካሪው ዘንግ አይነካም። ሁለት እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። «ወደ ግራ! ወደ ግራ በለው! ኧረ ግራ!» ይላል። የማን ግራ እንደሆነ ተጠይቆ አያውቅም፤ ፊት ለፊት ስለሚቆም ግን የሱ ግራ የገፊው ቀኝ ነው። ገፊው ይታዘዛል። ውሃው ይወርዳል። አማካሪው በሐዘን ራሱን እየነቀነቀ «አልኩት እኮ» ይላል።

የጥጥ ሸራ ላይ ሁኔታው ይከፋል። ጥጥ ውሃ ሲነካው ክሩ አብጦ ቀዳዳውን ስለሚዘጋ፣ ማንም ካልነካው እንደ ራሰ ይይዛል። ከውስጥ በጣትም በዘንግም የተነካ እንደሆነ ግን ውሃው የተነካበትን ቦታ ተከትሎ መንጠባጠብ ይጀምራል፣ እስኪያባራም አያቆምም። የእድሩ ሽማግሌዎች «ሸራውን አትንኩት!» የሚሉት ለንብረቱ ስለሳሱ ይመስለናል። ፊዚክስ ነው። ሕፃናት ደግሞ ማረጋገጥ ይወዳሉ።

ተጠቂዎችን በዝርዝር ለመመደብ አስበን ነበር፦ በአንገቱ የገባበት፣ ስኒው የሞላለት፣ እንዳይነካው ፈቀቅ ብሎ በትክክል ሥሩ የገባ፣ «እማማ፣ ፈቀቅ ይበሉ» ተብለው «አይ፣ እዚህ ይሻለኛል» ያሉ። ከሁሉ የከፋው ግን የማይነገርለት ገፊው ራሱ ነው። እጁን ወደ ላይ ስለሚዘረጋ፣ ውሃው ዘንጉን ይዞ ወርዶ በእጅጌው ይገባና ብብቱ ጋ ያድራል። ገፊ እስከ ብብቱ ረጥቦም «ምንም አልሆንኩም» ማለት ግዴታው ነው።

መድኃኒቱ ይታወቃል። ከመሐል አንድ ቋሚ አቁሞ ሸራውን ወደ ሁለት ማጋደል ብቻ ነው፤ ሆድ አይኖርም። ለምን አይደረግም? የመንገድ ዳሩ ነጋዴ በቂ ምክንያት አለው። ደንብ አስከባሪ ታይቶ «ደንብ መጣ!» ሲባል ቋሚ የሌለው ሸራ ሁለት ቋጠሮ ተፈቶ፣ ከነስኒው ተጠቅልሎ፣ ከነጀበናው ጥግ ይዞ ይጠፋል፤ መሐሉ ቋሚ ያለው ግን ቤት ሊባል ይችላል። የግቢውና የለቅሶው ሸራ ግን ይህ ሰበብ የለውም። ስንጠይቅ የምናገኘው መልስ «ቋሚው መሐል ለመሐል ይገተራል» የሚል ነው። እኛ የታዘብነው ሌላ ነው። ሆዱ መሙላት ሲጀምር እስከዚያ ተኳርፎ የተቀመጠው ሁሉ አንገቱን ወደ ላይ ያቀናል፤ ያልተዋወቀው ይነጋገራል፤ ሐዘንተኛዋ ሳይቀሩ «ኧረ ያ ልጅ እንዳይወድቅ» ይላሉ። ቋሚ ቢቆም ይህ ሁሉ ይቀር ነበር።

ከዚህ በኋላ የባጃጅ መጋረጃን፣ የጋሪ ልብስንና የሊስትሮን ጥላ በየተራ ለማየት ዕቅድ ነበረን። ሦስቱም ሆድ ስለሌላቸው ትተናቸዋል። ለአንባቢ የሚጠቅም አንድ ምክር ብቻ እንጨምር፦ ዝናብ አብነት ላይ ከያዛችሁና ሸራ ሥር ከተጠለላችሁ፣ ዘንግ ከያዘው ሰው ራቁ፤ «ወደ ግራ» የሚለው ሰውዬ አጠገብ ቁሙ። እሱ እስካሁን ረጥቦ አያውቅም።